ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ሳያውኩ መጎብኘት

የጎንደር ልጆች «ዋልያ» የሚለውን ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ሲጫወት ነው። እንስሳው ራሱ የሚኖርበት ገደል ግን ከከተማችን በአንድ ቀን ጉዞ ይደረሳል፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ሆኖም ፓርኩ «የፈረንጅ ቦታ» ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን ስለቆየ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚያ ሳምንት የሚሰነብት እንግዳ ሲያልፍ እያየን እኛ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ስንመላለስ ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቤተሰቡን፣ የዕድር ጓደኞቹን ወይም ተማሪዎቹን ይዞ ወደዚያ ለመውጣት ላሰበ የጎንደርና የአካባቢዋ ነዋሪ ነው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገባቸው አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። አደጋ ላይ ለመውደቅ ያበቁት ምክንያቶች ሲመረመሩ ሁሉም ማለት ይቻላል ከውጭ የገቡ ሆነው ይገኛሉ፦ እርሻው፣ የግጦሽ ከብቱ፣ መንገዱ፣ ውሻው። ስለዚህ ለአንድ ተራ ጎብኚ ፓርኩን መንከባከብ ማለት በአብዛኛው ምን ይዞ መግባት እንደሌለበት፣ የያዘውንም እንዴት ከእንስሳቱ አርቆ መጠበቅ እንዳለበት ማወቅ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚሁ አሳብ የሚመነጭ ነው።

የጉዞው ጊዜና ዝግጅት

በክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነውና መንገዱም ስለሚያዳልጥ ጉዞው አይመከርም። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ ያለው ጊዜ ሣሩ ለምለም፣ አበባው ብዙ፣ አየሩም የጠራ በመሆኑ ከሁሉ ይመረጣል። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በጎንደር ወይና ደጋ አየር የለመደ ሰው ጠዋት ድንኳኑ በበረዶ ብናኝ ነጭ ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጣል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሣሩ ስለሚደርቅ ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ወቅት ነው። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በዓሉን በጎንደር ያከበረው እንግዳ በማግሥቱ ወደ ደባርቅ ስለሚተምም አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ አጃቢ) ማግኘት ያስቸግራል፤ በዚያን ሳምንት መሄድ የግድ ከሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ከሾፌሮችና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ጉዞ ይቆያል እንጂ አይጠፋም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን በፓርኩ ውስጥ ካሉት ካምፖች ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ የቧሂት ጫፍ 4,430 ሜትር፣ የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ራስ ደጀን ደግሞ 4,533 ሜትር ይደርሳል። የደጋ ልጅ ነኝ ብሎ ይህን ከፍታ መናቅ ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በደባርቅ ወይም በሳንቃበር አሳልፎ በማግሥቱ ወደ ላይ መቀጠል ሰውነትን ያለማምዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ምልክቶቹ እየባሱ ከሄዱ ዋነኛው መድኃኒት ወደ ታች መውረድ ነው። ብርዱን ያበርዳል ተብሎ በኮዳ የሚያዝ አረቄ የሰውነትን ሙቀት ይበልጥ ያባክናል፤ በገደል አፋፍ ላይ ለሚሄድ ሰውም የሚሆን አይደለም። ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውኃና የተለማመዱት ጫማ ይበቃሉ። አዲስ ጫማ ለዚያ ጉዞ ገዝቶ መሄድ ግን እግርን ለማቁሰል ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም።

ስንቅን በተመለከተ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለዚህ ጉዞ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ አይበላሹም፣ ሽታቸው አውሬ አይጠራም፣ የሚጣል ልጣጭም የላቸውም። በጎንደር ሽርሽር የተለመደው በግ ይዞ ወጥቶ ማረድ ግን በፓርኩ ውስጥ ፈጽሞ መቅረት አለበት። ፈርሱና አጥንቱ ጅብን፣ ተራ ቀበሮንና ከሁሉ በላይ ከመንደር የሚከተሉ ውሾችን ወደ ካምፑ ይጎትታል፤ ውሻ በገባበት ደግሞ ምን እንደሚከተል ወደ ኋላ በዝርዝር እመለስበታለሁ። መብሰል ያለበት ምግብ ካለ ቡታጋዝ ይዘው ይሂዱ።

በደባርቅ

የመግቢያ ትኬት የሚቆረጠው በደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ለኢትዮጵያውያን ያለው ክፍያ ከውጭ አገር ጎብኚዎች ያነሰ ስለሆነ መታወቂያዎን አይርሱ። ከዚያው የጦር መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብልዎታል፤ የሙያው ሥልጠና ያለው አስጎብኚ፣ በቅሎና የበቅሎ ነጂም እዚያው ይገኛሉ። ብዙ የአገር ውስጥ ጎብኚ «አገሬን ለማየት ዘበኛ ምን ያደርግልኛል» ሲል ይሰማል። ስካውቱ ግን የአካባቢው ልጅ ነው፤ የዋልያው መንጋ ትናንት ማታ በየትኛው ሸንተረር እንዳደረ፣ ጉም ሲወርድ የትኛው መንገድ ወደ ገደል እንደሚያወጣ ያውቃል። የሚከፈለው አበልም ፓርኩ ለአካባቢው ሰው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብሎ በአክብሮት አነጋግሮ፣ ከስንቅ አካፍሎ፣ የነገረውን መስማት ተገቢ ነው። ለስካውቱ የራስዎን ትርፍ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ቢይዙለት ደግሞ ብዙዎች የማያስቡትን አሰቡ ማለት ነው።

ከደባርቅ እስከ ሳንቃበር፣ ከዚያም እስከ ጨነቅ የሚወስደው የጠጠር መንገድ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል። ሾፌርዎ ቀስ ብሎ እንዲነዳ፣ ጥሩንባ እንዳይነፋና የሙዚቃውን ድምፅ እንዲዘጋ ከመነሳትዎ በፊት ይስማሙ። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሄድ ቤተሰብ በቡይት ራስና በሳንቃበር መካከል ጭላዳን አይቶ፣ አቅም ካለው ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማያ በእግሩ ደርሶ ቢመለስ ይበቃዋል። ዋልያ ለማየት ግን ጨነቅ ድረስ መሄድና ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

ጭላዳ

ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች የሚጠሩበት ስምም ከእኛው አማርኛ የተወሰደ ነው። ከሌሎች ዝንጀሮዎች የሚለየው ምግቡ በአብዛኛው ሣር በመሆኑ ነው፤ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥሩን በጣቱ ቆፍሮ ይበላል። «ቅድሚያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለው ተረት ለጭላዳ ልክ የተሰፋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እየተንፏቀቀ ሲግጥ ይውላልና። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ አምባው ይወጣል፤ ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ደርሶ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብሎ መጠበቅ፣ መንጋው ሲወጣ መንገዱን ሳይዘጉ ለማየት ያስችላል። በገደሉና በመንጋው መካከል ፈጽሞ አይቁሙ፤ ገደሉ መሸሻው ነውና መሸሻ የተዘጋበት እንስሳ ይጨነቃል።

መንጋው በመቶዎች የሚቆጠር ቢመስልም በውስጡ ብዙ ትንንሽ ቤተሰቦች አሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጎፈሬያም አውራ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎቻቸው ያሉበት ነው፤ ገና ቤተሰብ ያልመሠረቱ ወንዶችም የራሳቸው ጓድ አላቸው። ቁጭ ብሎ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ የሚመለከት ሰው ይህን ሁሉ ለይቶ ያያል፤ ስልኩን ዘርግቶ የሚሯሯጥ ሰው ግን የሚያየው ጀርባቸውን ብቻ ነው። እኔ ለተማሪዎች የማስተምረው ሥርዓት አሥር ሜትር ርቆ መቀመጥ፣ እንስሳቱ በራሳቸው ፈቃድ ከቀረቡ ግን ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው። አውራው የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ፣ ቅንድቡንም ወደ ላይ ስቦ ከላዩ ያለውን ገርጣ ያለ ቆዳ ከገለጠ፣ «በቃህ» ማለቱ ነው። አተኩሮ ሳያዩት፣ ሳይሮጡ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕፃናት ይህን ምልክት እንደ ሣቅ ስለሚቆጥሩትና ጥርሳቸውን አሳይተው ስለሚመልሱለት፣ ወላጆች በቤት ሳሉ አስቀድመው ሊያስረዷቸው ይገባል።

ምግብ መስጠትን በሚመለከት አንድ ጥፋቴን ልናገር። በወጣትነቴ መጀመሪያ ወደዚያ በወጣሁ ጊዜ ለአንዲት ግልገል ያዘለች ጭላዳ ቆሎ በተንኩላት፤ ለቅማ በላች፣ እኛም ተደሰትን። ከዓመታት በኋላ እዚያው የመንገድ ዳር ላይ ተማሪዎቼ ከመኪና ሳይወርዱ ጭላዶቹ መስኮቱ ሥር ተሰልፈው ሲጠብቁ ሳይ፣ እንደ እኔ ያሉ ስንቶች እንዳስተማሯቸው ገባኝ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሣሩን ትቶ ወደ መንገድ የሚሮጥ እንስሳ ለጎማ ይዳረጋል፤ ከሰው እጅ መንጠቅ የለመደ ደግሞ ነገ የገበሬውን ገብስ ለመድፈር አይፈራም፤ ገበሬውም በድንጋይና በውሻ ይመልስለታል። ስለዚህ ሙዝም ይሁን ዳቦ፣ አንድ ፍሬ ቆሎም ቢሆን፣ አይስጡ። ምሳዎን መንጋው በማይታይበት ቦታ ይብሉ። በካምፑ ዙሪያ የሚያንዣብበው ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራም ክፍት የተተወ ቦርሳ ከመበርበር አይመለስምና ስንቅን ዘግቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዋልያ

ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም የለም። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ የሚችል ቀንድና ጥቁር ጢም አለው፤ ሴቷ መልኳ ፈዘዝ ያለ፣ ቀንዷም አጭርና ቀጭን ነው። በጨነቅ አካባቢ ማለዳና ከሰዓት በኋላ በአስታው ዛፎች መካከልና በገደሉ እርከኖች ላይ ሲግጥ ይታያል። ቀትር ላይ ጥላ ሥር ስለሚያርፍ እሱን ፍለጋ መንከራተት ድካም ብቻ ነው።

ዋልያን ከታች ሆኖ ማየት ይሻላል። ከበላዩ የመጣ ሰው ወይም ድንጋይ ያስደነግጠዋል፤ ዳገቱን ቆርጦ ሲሸሽም ግልገል ከእናቷ ልትለይ ትችላለች። ሃምሳ ሜትር ርቀት ጠብቀው፣ ደማቅ ያልሆነ ልብስ ለብሰው፣ ቢቻል በሩቅ ማሳያ መነጽር ይመልከቱ። ፎቶ እንዲያምር ብሎ ፉጨት ማፏጨት፣ ጠጠር መወርወር ወይም ስካውቱን «አስነሳልን» ማለት ነውር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ስካውቱ ለጉርሻ ብሎ ራሱ ሊያደርገው ይዳዳዋልና፣ እንደማይፈልጉ አስቀድመው ይንገሩት። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

ቀድሞ የዋልያ ቀንድ ለመጠጫ ዋንጫነት ይፈለግ ነበር፤ የጭላዳ ጎፈርም ለጌጥ ይውል ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ቀንድ፣ ቆዳ ወይም ጎፈር ሊሸጥልዎ ቢያመጣ፣ «አሮጌ ነው፣ ከአያቴ የወረስኩት ነው» ቢልም፣ አይግዙ። ከአካባቢው ሰው መግዛት የሚፈልጉ ከሆነ ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብና የስንደዶ ሥራ በመንገዱ ዳር ሞልቷል፤ ዋጋውንም ሳይከራከሩ ቢከፍሉ ይመረጣል።

ቀይ ቀበሮና የእኛው ውሻ

ቀይ ቀበሮ በሰሜን ተራሮች ከሦስቱ በቁጥር ያነሰው ነው። የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል፤ ትልቁ ክፍል በባሌ ተራሮች ሲኖር በሰሜን ያለው ጥቂት ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው «ካኒስ ሲሜንሲስ» ከእኛው ሰሜን የተወሰደ ቢሆንም፣ ከሰሜን ሰዎች ብዙዎቹ ከተራው ቀበሮ ለይተው አያውቁትም። የፓርኩ ሠራተኞች ከጎብኚ የሚቀበሉት ወሬም በዚሁ ምክንያት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረዘም፣ አፉ ሾል ያለ፣ ጠጉሩ እንደ ዝገት የቀላ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ቁጥቋጦ የመሰለና ጫፉ ጥቁር ነው። ተራው ቀበሮ ግን ወደ ግራጫና አመድማ ቢጫ ያደላል። ሌላው መለያ ጠባዩ ነው፤ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ብቻውን በጓሳው (በደጋው ሣር) ውስጥ እያደባ አይጥ ያድናል። ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና የአይጥ ዘመዶች ናቸውና በግ ፈጀ ተብሎ በሚወራበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አውሬ ዕዳ እየከፈለ ነው።

ይህን እንስሳ ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የተባለው የውሻ ተስቦ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋሉ፤ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ መንጋውን እየፈጀ አልፏል። በጥቂት ቁጥር የቀረ ወገን እንዲህ ያለ ወረርሽኝ አንድ ጊዜ ቢገጥመው ለማገገም ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። እንግዲህ ከጎብኚው የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም። በመንገድ ተከትሎ የመጣን የመንደር ውሻ ምግብ ሰጥቶ ማላመድ፣ ይልቁንም ካምፕ ድረስ ማስከተል፣ በሽታን በእጅ እየመሩ ከማስገባት አይለይም። የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ፣ ውሻ ወይም ዋልያ ካዩ አይንኩ፤ ቦታውን ምልክት አድርገው በዚያው ዕለት ለስካውቱ ይንገሩ። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ሰው የማይፈራ ወይም የሚንገዳገድ እንስሳ ሲያዩ ደግሞ ልጆችን ይዘው ይራቁ።

ወደ ጎንደር ሲመለሱም ይህ ጉዳይ አያበቃም። በግቢያችን ያለው ውሻ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢወስድ ጥቅሙ በመጀመሪያ ለልጆቻችን ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ለዚያ ዘመዱ ውሻውን በክትባት ዘመቻ ጊዜ እንዲያስከትብ፣ ሌሊትም እንዲያስር ቢመክረው ለቀይ ቀበሮ ትልቅ ውለታ ይውላል።

እሳት፣ እንጨትና የእግር መንገድ

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በፓርኩ ውስጥ የተነሣው እሳት ለቀናት ነደደ፤ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከርሞ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ተደርሷል። ያን ጊዜ የተቃጠለው ጓሳና አስታ ነው። አስታ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እንጨቱም ዘይታማ ስለሆነ እርጥብ ሳለ እንኳ ይነዳል። በመሆኑም በካምፑ ውስጥ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አያንድዱ፤ የወደቀ እንጨትም ቢሆን አይልቀሙ፤ ለወፎች ጎጆ፣ ለአይጦቹ መጠለያ ነውና። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ቁራጩን በጣሳ ይዘው ይመለሱ። ጭስ ካዩ በራስዎ ለማጥፋት ከመሮጥ በፊት ለስካውቱ ማሳወቅ ይቀድማል፤ እሳት ዳገት ሲወጣ ከሰው ይፈጥናልና ከእሳቱ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይቁሙ።

ጅብራ በሚባለው ረዥም ተክል ሥር ፎቶ መነሣት የተለመደ ነው። ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት አድጎ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይደርቃል፤ ግንዱን መርገጥ፣ ስምን በቢላ መቅረጽ ወይም አበባውን መስበር የዓመታት ልፋቱን በደቂቃ ማጥፋት ነው። መንገድ ለማሳጠር በሣሩ ላይ መቁረጥም እንዲሁ ነው፤ በዚህ ከፍታ የተረገጠ ሣር ቶሎ አያገግምም፣ በክረምት ደግሞ ያ ዱካ ቦይ ይሆናል። ገደሉ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ስለሆነ፣ በተለይ እሜት ጎጎ በተባለው የገደል አፋፍ ላይ ነፋስ ሲኖር ከአፋፉ ሁለት ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ መቆም ለራስም ይበጃል።

በግጭ አምባ ላይ ሲያልፉ የፈረሱ ቤቶች መሠረት ያያሉ። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ዛሬ የምንጎበኘው ሣር የበረከተው እነዚያ ሰዎች ቀዬአቸውን በመልቀቃቸው ጭምር እንደሆነ ማስታወስ፣ በደባርቅም ሲያገኟቸው ሥራቸውን መግዛት ተገቢ ይመስለኛል።

ቆሻሻን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይዘውት የወጡትን ሁሉ ይዘው ይመለሱ፣ የብርቱካንና የሙዝ ልጣጭንም ጭምር። በዚያ ብርድ ልጣጭ ቶሎ አይበሰብስም።

ያዩትን መመዝገብ

ጎብኚው ለፓርኩ ሊሰጥ ከሚችለው ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው መረጃ ነው። በትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም፣ የእንስሳውን ዓይነትና ቁጥር ይጻፉ። ዋልያ ከሆነ ወንድ፣ ሴትና ግልገል ለይተው ይቁጠሩ፤ መለየት ካልቻሉ «ያልተለየ» ብለው ይጻፉ እንጂ አይገምቱ። ቀይ ቀበሮ ከሆነ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች የትኞቹን እንዳዩ ይጥቀሱ። በአንገቱ ላይ ማርዳ የመሰለ ምልክት ያለው፣ የሚያነክስ ወይም ወጥመድ ገመድ ያለበት እንስሳ ካዩ በተለይ ያስፍሩ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቆጥረው ኋላ ቢያስተያዩ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ለተማሪዎችም ይህ ከማንኛውም ጨዋታ የበለጠ ያስደስታቸዋል። ሲመለሱ ቅጂውን በደባርቅ ለጽሕፈት ቤቱ ይስጡ።

መምህራን ተማሪ ይዘው ሲወጡ ለአንድ አዋቂ ከአሥር የማይበልጥ ልጅ ቢመድቡ፣ ልጆቹንም ወደ ጭላዳው መንጋ በተራ ቢያቀርቡ ይበጃል። ስልሳ ልጅ በአንድ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ መንጋው ቀርቶ ስካውቱም ይሸሻል።

ደባርቅ ድረስ ለማይዘልቅ

ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ከመድረስ በፊት ያለችው ኮሶዬ፣ ቆላውን ቁልቁል የሚያሳይ ውብ አፋፍና የጭላዳ መንጋ አላት። ለግማሽ ቀን ጉዞ፣ ለአዛውንቶችና ለትንንሽ ልጆች ይህችን እመርጣለሁ። ከመንደሩ ጋር ተዋስኖ የሚኖር መንጋ በመሆኑ ግን ምግብ የመስጠት ፈተናው እዚህ ይበልጥ የከበደ ነው፤ የገበሬው ማሳም ቅርብ ስለሆነ ጉዳቱም እንዲሁ።

ወደ ደቡብ የሚወርድ ደግሞ ጎርጎራ ላይ ጣናን ያገኛል፤ ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። በበጋ በውኃ ዳሩ ላይ የሚያርፉትን ወፎች፣ ከሩቅ አውሮጳና እስያ የሚመጡትን ጭምር፣ ከጀልባ ላይ ሞተር አጥፍቶ ማየት ይቻላል። እዚህም ዋናው ነገር የሚገባውና የሚወጣው ነው። በደንቢያ ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ ከአንዲት ቁራጭ ተነሥቶ ስለሚባዛ፣ አበባው ሐምራዊና የሚያምር ቢሆንም ለቤት ጌጥ ብለው አይውሰዱ። ጀልባውና መረቡ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት የተጣበቀ ሥርና ቅጠል እንዳለ ባለጀልባውን ጠይቀው አብረው ያጽዱ። በነቀላ ዘመቻ የሚሳተፉ ከሆነ የነቀሉትን ከውኃው ርቆ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ከምረው እንዲደርቅ ያድርጉ፤ ዳር ላይ የተተወው በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

በምዕራብ በኩል በቋራ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን ሰፊ ቆላ ነው። ሙቀቱ፣ ወባውና የመንገዱ ርቀት ለቤተሰብ ሽርሽር አይመችምና፣ የሚሄድ ሰው በበጋ፣ ከፓርኩ ሠራተኞች ጋር ተነጋግሮ፣ በሁለት መኪና ቢሄድ ይሻላል።

ከየትኛውም ቦታ ተመልሰው ቤትዎ ሲደርሱ፣ የጫማዎን ሶልና የሱሪዎን ጠርዝ ከመታጠብ በፊት ይመርምሩ፤ የተጣበቀውን የሣር ፍሬና ጭቃ በግቢው ጥግ አራግፈው ያቃጥሉት፤ ደብተርዎንም ዝርዝሩ ከአእምሮዎ ሳይጠፋ በዚያው ምሽት ያሟሉ።